ለአንድ ገጽ አንድ አድራሻ፦ ጉዳዩ የኮምፒውተር ተማሪዎች ብቻ ነውን?

በዚህ እትም ይዤ የቀረብኩት ርዕስ ሲታይ "ይሄ ደግሞ የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል ሥራ አይደል?" ሊያስብል ይችላል። እኔም እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ የማስበው እንደዚያ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየሩኝ ግን መምህርም መጽሐፍም ሳይሆኑ የአንዲት ሻይ ቤት ባለቤት ናቸው። ስለዚህ ከእሳቸው ልጀምር።

አንደኛ ዓመት ሳለን አራት የክፍል ጓደኛሞች ሆነን አንዲት ትንሽ የዜና ድረ ገጽ ከፍተን ነበር። መጀመሪያ በነጻ ማስተናገጃ ላይ ነበረች። ጥቂት ወራት ቆይተን ገንዘብ አዋጣንና የራሷን አድራሻ ገዛንላት፤ ጽሑፎቹንም ሁሉ ገልብጠን ወደ አዲሱ ወሰድን። አሮጌውን ግን አልነካነውም። "ይቀመጥ፣ ምን ይጎዳል?" ተባባልን። ከጽሑፎቹ አንዱ እዚህ ሶዶ ከግቢው በር አጠገብ ስላለች ሻይ ቤት ነበር። ቤቷ ለሦስት ቀን ዝግ ሆና ብናይ፣ አንድ ተማሪ የነገረንን ብቻ ይዘን "በንጽሕና ጉድለት ታሸገች" ብለን ጽፈናል። ሐሰት ነበር። እናትየዋ ለለቅሶ ወደ ገጠር ወርደው ነው የዘጉት። እውነቱን የሰማነው ወደ አዲሱ አድራሻ በተዛወርንበት ሳምንት ነው። ወዲያው ይቅርታ ጠይቀን ጽሑፉን አረምን። ያረምነው ግን በአዲሱ አድራሻ ላይ ብቻ ነው።

ከወር በኋላ አስጠሩን። "ልጆቼ፣ አስተካክለናል አላላችሁኝም? ትናንት አንድ ልጅ በስልኩ ያሳየኝ እኮ እንዳለ ነው" አሉን። እኛም እዚያው ቆመን በስልካችን ፈለግን። እውነታቸውን ነው። የሻይ ቤቷ ስም ሲጻፍ ቀድሞ የሚመጣው የአሮጌው አድራሻ ጽሑፍ ነበር። እርማታችን ከታች፣ ማንም በማይደርስበት ቦታ ተኝቷል። ስህተቱን ያረምን መስሎን ለካስ እርማቱን ደብቀነዋል።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ለምን እንደዚያ እንደሆነና እንዴት እንደሚስተካከል የተማርኩትን ለማካፈል የተዘጋጀ ነው።

ለመሆኑ አንድ ገጽ ስንት አድራሻ አለው?

ብዙዎቻችን አንድ ድረ ገጽ አንድ አድራሻ ያለው ይመስለናል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የማንኛውንም ድረ ገጽ የመጀመሪያ ገጽ እንውሰድ። አድራሻው በኤችቲቲፒ ወይም በኤችቲቲፒኤስ ሊጀምር ይችላል፤ ይህ ሁለት ነው። ከስሙ በፊት ሦስቱ ዳብሊው ሊኖሩ ወይም ላይኖሩ ይችላሉ፤ ሁለት ሲባዛ በሁለት አራት ሆነ። መጨረሻው ላይ "ኢንዴክስ" የሚለው የፋይል ስም ሊኖር ወይም ሊቀር ይችላል፤ አራት ሲባዛ በሁለት ስምንት። አንዷ ገጽ ስምንት አድራሻ አላት ማለት ነው። የውስጥ ገጾች ላይ ደግሞ መጨረሻው ላይ ያለ ስላሽ መኖርና አለመኖር፣ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል፣ እንዲሁም ሊንኩ ከፌስቡክ ሲመጣ የሚንጠለጠልበት ረጅም ጭራ ሲጨመርበት ቁጥሩ ከዚያም ያልፋል።

ሦስቱ ዳብሊው ከየት መጡ ለሚል፣ ነገሩ ከልማድ የመጣ ነው። ድሩ በተስፋፋባቸው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አንድ ድርጅት ለየአገልግሎቱ ለየብቻ ስም ይሰጥ ነበር፤ ለደብዳቤው አንድ፣ ለፋይል ማስተላለፊያው ሌላ፣ ለድሩ ደግሞ ሦስቱ ዳብሊው። ስለዚህ በቴክኒክ ዓይን ከታየ፣ ሦስቱ ዳብሊው ያለበትና የሌለበት አድራሻ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ሁለቱ የተለያየ ነገር ሊያሳዩም ይችላሉ። አንድ ዓይነት ነገር የሚያሳዩት ባለቤቱ እንዲያ እንዲሆኑ ስላደረገ ብቻ ነው።

መፈለጊያ ሞተሩ ምን ይቸገራል?

ይህንን ለመረዳት ሁላችንም የምናውቀውን ጣጣ እናስብ። ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍ በፈተና ሰርተፍኬት ላይ አንድ ዓይነት፣ በመታወቂያ ላይ ሌላ ዓይነት ይሆናል። አንድ "ብርሃኑ" የሚባል ተማሪ በሁለት ዓይነት ፊደል ቢመዘገብ፣ ግማሹ ውጤቱ በአንዱ ፋይል፣ ግማሹ በሌላው ፋይል ይገባል። ልጁ ያው አንድ ልጅ ነው፤ ወረቀቱ ግን ሁለት ሰው ያደርገዋል። ከሁለቱም ፋይል የሚወጣው ብርሃኑ ጎደሎ ነው።

መፈለጊያ ሞተርም ድሩን የሚያውቀው በፋይል ነው። ሮቦቱ ከሊንክ ወደ ሊንክ እየሄደ ገጾችን ያነባል፤ እያንዳንዱንም በአድራሻው ይመዘግባል። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ያቀረቡት ፔጅ ራንክ የተባለው ስሌት መሠረቱ ይኸው ነው፤ ወደ አንድ ገጽ የሚያመለክቱ ሊንኮች እንደ ድጋፍ ድምፅ ይቆጠራሉ፤ ድምፁም የሚመዝነው በድምፅ ሰጪው ገጽ ክብደት ነው። ዛሬ ጉግል ከዚህ ሌላ ብዙ መመዘኛ አለው፤ ሊንክ ግን አሁንም ዋጋ አለው። ታዲያ አንዱ ጓደኛችሁ ሦስቱን ዳብሊው ጨምሮ፣ ሌላው ሳይጨምር፣ ሦስተኛው አሮጌውን አድራሻ ቢያጋራ፣ የአንድ ጽሑፍ ድምፅ ሦስት ቦታ ተበታተነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ወሬ ላርም። "ጉግል ተደጋጋሚ ገጽ ካየ ይቀጣል" ሲባል ትሰማላችሁ። ለማታለል ተብሎ ካልተደረገ በቀር ቅጣት የሚባል ነገር የለም። የሚሆነው ሌላ ነው። ሞተሩ ተመሳሳይ ገጾችን አንድ ላይ ያሰባስብና ከመካከላቸው አንዱን ወኪል አድርጎ ይመርጣል፤ በፍለጋ ውጤት ላይ የሚወጣውም ያ ነው። እናንተ ካልመረጣችሁ እሱ ይመርጥላችኋል። የእኛም ጉዳት የመጣው በዚህ ነው። አሮጌው አድራሻ ዕድሜ ነበረው፤ ተማሪዎችም ሲቀባበሉት የቆዩት የእሱን ሊንክ ነው። አዲሱ ደግሞ ገና ጀማሪ ሆኖ ሳለ ራሱ በሁለት ስም ይከፈት ነበር።

የትኛውን እንምረጥ?

ሦስቱን ዳብሊው መጨመር ይሻላል ወይስ መተው? ለመፈለጊያ ሞተር ሁለቱም እኩል ናቸው። ዋናው ነገር አንዱን መርጦ አለመለወጥ ነው። በኤችቲቲፒና በኤችቲቲፒኤስ መካከል ግን ምርጫው ግልጽ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 ኤችቲቲፒኤስን ከደረጃ መስጫ ምልክቶቹ አንዱ አድርጎ አሳውቋል። ክሮም የተባለው ማሰሻም ከሐምሌ 2018 ጀምሮ ያልተመሰጠረ ገጽ ሁሉ ላይ "ደኅንነቱ አልተጠበቀም" የሚል ምልክት ያደርጋል። ስለዚህ የሚመረጠው በኤችቲቲፒኤስ የሚጀምረው ነው።

ከዚህ ሌላ የስም አጻጻፍ ምርጫ አለ። ይህ በተለይ ለእኛ አካባቢ ሰው ትልቅ ነገር ነው። "ወላይታ" የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት አድርገን እንጽፈዋለን? አንዱ በ"አይ"፣ ሌላው በ"ዋይ"፤ አንዱ በአንድ "ቲ"፣ ሌላው በሁለት። ዩኒቨርሲቲያችን ስሙን የሚጽፈው በ"አይ" እና በአንድ "ቲ" ነው። የቋንቋው ስም በዓለም አቀፉ የቋንቋዎች መለያ ዝርዝር ላይ የሚገኘው ግን በ"ዋይ" እና በሁለት "ቲ" ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የግብፁን ዛማሌክ ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ያስወጣው ወላይታ ድቻ ስሙ ብዙ ጊዜ በሁለት "ቲ" ተጽፎ ይታያል። "ሶዶ"ም እንዲሁ በአንድ "ዲ" እና በሁለት "ዲ" ይጻፋል። አንዱ ትክክል ሌላው ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። እኔ የምለው በዚህ ስም አድራሻ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ አንዱን ይምረጥ፤ አቅሙ ከፈቀደ ሌላውንም አጻጻፍ ይግዛና ወደ መረጠው ያዛውረው ነው። ያለዚያ በሌላው አጻጻፍ የሚጽፍ አንባቢ ደጅ ይቀራል፤ ወይም ስሙን ቀድሞ የገዛ ሌላ ሰው ቤት ይገባል።

የአድራሻ ጭራም ቀላል አይደለም። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ አድራሻ "ዳብሊው ኤስ ዩ ነጥብ ኢዲዩ ነጥብ ኢቲ" ነው። የመጨረሻዋን "ኢቲ" የረሳ ሰው የሚደርሰው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ያው "ዳብሊው ኤስ ዩ" ብሎ በደቡብ አፍሪካ ጭራ የጨረሰ ደግሞ ዋልተር ሲሱሉ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ሦስቱም ትክክለኛ ተቋማት ናቸው፤ ማንም ማንንም ወደ ሌላው ማዛወር አይችልም። ስለዚህ አድራሻ በዜናም ሆነ በማስታወቂያ ስንጽፍ ከነጭራው ሙሉውን መጻፍ አለብን። "ሶዶ" ብቻ ስንል የጉራጌውን ሶዶ የሚያስብ ሰው ስላለ "ወላይታ ሶዶ" እንደምንለው ማለት ነው።

"ተዛውረናል" የሚለው ወረቀት

አንድ ሱቅ ቦታ ሲቀይር በአሮጌው በር ላይ "ሱቃችን ወደ መናኸሪያው ፊት ለፊት ተዛውሯል" የሚል ወረቀት ይለጥፋል። ደንበኛው ያነብና ወደ አዲሱ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ በቀጥታ አዲሱን ያውቃል። በድር ላይ ይህን ወረቀት የሚተካው 301 የሚባለው መልስ ነው። ትርጉሙ "በቋሚነት ተዛውሯል" ነው። አንባቢው አሮጌውን አድራሻ ሲነካ ሰርቨሩ 301 ብሎ አዲሱን አድራሻ ይሰጠዋል፤ ማሰሻውም ራሱ ይወስደዋል። አንባቢው አንዳች ነገር አያደርግም። መፈለጊያ ሞተሩም የአሮጌውን ድምፅ ወደ አዲሱ ያዛውራል።

ሱቁ በር ላይ "ለጊዜው ዝግ ነው፣ ጎረቤት ጠይቁ" የሚል ወረቀት ቢሆንስ? ደንበኛው ነገ ተመልሶ እዚያው ይመጣል። በድሩ ይህ 302 ይባላል፤ "ለጊዜው" ማለት ነው። ሞተሩ በአሮጌው አድራሻ ሊጸና ይችላል። ለዘለቄታው ለሚደረግ ዝውውር 302 መጠቀም የተለመደ ስህተት ነው፤ አንባቢው ልዩነቱን ስለማያየው ለዓመታት ሳይታወቅ ይቆያል።

ማዛወሪያው የሚጻፈው በሰርቨሩ ላይ ነው። አፓቺ የሚባለውን ሰርቨር ለሚጠቀም በአንድ የትእዛዝ ፋይል ውስጥ ጥቂት መስመር ይበቃል። ኤንጂንኤክስም የራሱ መንገድ አለው። ብዙ የማስተናገጃ ድርጅቶች ደግሞ በመቆጣጠሪያ ገጻቸው ላይ የሚነካ ቁልፍ አዘጋጅተዋል።

በአሮጌ መመሪያዎች ላይ "በጉግል የድረ ገጽ ባለቤቶች መሣሪያ ገብታችሁ የምትመርጡትን አድራሻ አሳውቁ" የሚል ታገኛላችሁ። ያ ምርጫ እ.ኤ.አ. በ2019 ተነሥቷል፤ አትልፉ። ዛሬ ሞተሩ የሚያምነው በተግባር የሚያየውን ነው፤ ማዛወሪያውን፣ የውስጥ ሊንኮቻችሁንና የገጾቻችሁን ዝርዝር የያዘውን ሳይትማፕ።

ማዛወር ካልተቻለስ?

የእኛ ችግር እዚህ ላይ ነበር። አሮጌው ነጻ ማስተናገጃ 301 አይፈቅድም። ለዚህ ሁለተኛ መንገድ አለ። ጉግል፣ ያሁና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 በአንድነት ያሳወቁት "ካኖኒካል" የሚባል ምልክት ነው። በገጹ ኮድ መግቢያ ላይ የሚጻፍ አንድ መስመር ሲሆን፣ "የዚህ ጽሑፍ ዋና አድራሻ ያኛው ነው" ብሎ ለሞተሩ ይነግራል። አንባቢው አያየውም፤ ከነበረበትም አይንቀሳቀስም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ጉግል በሁለት የተለያዩ ድረ ገጾች መካከልም እንደሚቀበለው አሳውቋል።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ ካኖኒካል ጥቆማ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። የሚሠራውም የሁለቱ ገጾች ይዘት አንድ ወይም በጣም የተቀራረበ ሲሆን ነው። በአንዱ ላይ ውንጀላ፣ በሌላው ላይ እርማት ተጽፎ "አንድ ናቸው" ቢባል ሞተሩ ላይቀበል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የአሮጌውን ጽሑፍ ራሱን ማረም ግድ ነው።

ሰው የሚወድቅባቸው ጉድጓዶች

አንደኛ፣ አሮጌ ገጾችን በሙሉ ወደ አዲሱ የመጀመሪያ ገጽ ማዛወር። ስለ ጊፋታ በዓል የተጻፈ ጽሑፍ ፈልጎ የመጣ ሰው የፊት ገጽ ላይ ቢጣል ተናድዶ ይሄዳል። እያንዳንዱ አሮጌ ገጽ ወደ አቻው ይዛወር።

ሁለተኛ፣ ሰንሰለት። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ ከዚያ ወደ አራተኛው ማለት በደካማ ኔትወርክ ላይ ላለ ስልክ ፈተና ነው። ሁሉም በአንድ እርምጃ ወደ መጨረሻው ይሂድ።

ሦስተኛ፣ አሮጌውን አድራሻ ለሮቦት መዝጋት። ብዙ ሰው "እንዳይታይ" ብሎ ይዘጋዋል። ሮቦቱ ካልገባ ግን በሩ ላይ የለጠፋችሁትን "ተዛውረናል" የሚል ወረቀት በምን ያነበዋል?

አራተኛ፣ በጊዜ መሰላቸት። ጉግል ማዛወሪያው ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲቆይ ይመክራል። ለአንባቢ ሲባል ግን ከዚያም በላይ ቢቆይ ይመረጣል። የአሮጌውን አድራሻ ክፍያ ያቋረጠ ሰው፣ ስሙን ሌላ ሰው ገዝቶ የፈለገውን ሊጽፍበት እንደሚችል አይርሳ።

ሥራውን ለመፈተሽ ስምንቱን አድራሻዎች አንድ በአንድ መጻፍና ሁሉም አንድ ቦታ መድረሳቸውን ማየት ነው። ክሮም ሦስቱን ዳብሊው ስለሚደብቅ የአድራሻውን ሳጥን ነክታችሁ ሙሉውን አንብቡ። ማሰሻ 301ን ስለሚያስታውስ በድብቅ መስኮት መሞከር ይሻላል። የጉግል ሰርች ኮንሶልም እናንተ የመረጣችሁትንና እሱ የመረጠውን አድራሻ ጎን ለጎን ያሳያል። ሁለቱ ከተለያዩ ሥራው አላለቀም ማለት ነው።

ለጋዜጠኛ ምን አገባው?

የድሩ ፈጣሪ ሰር ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1998 በጻፉት ጽሑፍ፣ አድራሻ ሲወጣ ለብዙ ዓመት እንዲኖር ታስቦ ይውጣ ሲሉ መክረዋል። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የታተሙ የአገራችን ደብዳቤዎችና ብሮሹሮች ግርጌ ላይ በ"ቴሌኮም ነጥብ ኔት ነጥብ ኢቲ" የሚያልቅ የኢሜይል አድራሻ ይገኛል፤ ኋላ ላይ ደግሞ በ"ኢትዮኔት ነጥብ ኢቲ" የሚያልቅ መጣ። የታተመ ወረቀት ራሱን አያርምም። አሮጌው አድራሻ ወደ አዲሱ ካላደረሰ በቀር አንባቢው መንገድ ላይ ይቀራል።

ዛሬም በአካባቢያችን ጉዳዩ ትኩስ ነው። የቀድሞው ደቡብ ክልል ተከፋፍሎ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረትና ወላይታ ሶዶ መቀመጫው ስትሆን፣ ብዙ መሥሪያ ቤት በአዲስ ስም ተደራጅቷል። ስም ሲለወጥ አድራሻም ይከተላል። በአሮጌው ስም የወጣ ማስታወቂያ፣ መመሪያና ዜና ግን በሰው ስልክ ውስጥና በተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ አለ። አዲስ ገጽ የሚከፍት ባለሙያ አሮጌው ሊንክ ወዴት እንደሚያደርስ አብሮ ቢያስብ፣ ከገጠር ወረዳ በስልኩ መረጃ የሚፈልገውን ሰው ብዙ ድካም ያድነዋል።

ለእኛ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው እርማት ነው። በኤዲቲንግ ክፍለ ጊዜ "ስህተቱ የወጣበት ቦታ ላይ እርማቱም ይውጣ" እየተባልን ተምረናል። በጋዜጣ ይህ ገጽና ዓምድ ማለት ነው። በድር ላይ ግን ቦታ ማለት አድራሻ ነው። ጽሑፉ በሦስት አድራሻ ከኖረ እርማቱም በሦስቱ መድረስ አለበት፤ ወይም ሦስቱ አንድ መሆን አለባቸው።

እኛ በመጨረሻ ያደረግነው ይኸው ነው። መጀመሪያ በአሮጌው አድራሻ ላይ ያለውን ጽሑፍ በእርማቱ ተካነው፤ ካኖኒካሉንም ወደ አዲሱ አዞርን። አዲሱን አድራሻ ሦስቱ ዳብሊው የሌለበት እንዲሆን ወስነን ሌላውን በ301 አዛወርን። ለጓደኞቻችን የላክናቸውን ሊንኮችም እየለመንን አስቀየርን። ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀ። አንድ ቀን ስንፈልግ የሻይ ቤቷ ስም ከነእርማቱ በአንድ አድራሻ ብቻ ወጣ።

ስልኩን ይዘን ሄድን። እናትየዋ መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት። "አሁን ሌላ ቦታ የለም?" አሉ። "የለም፣ ማዘር" አልናቸው። ሻይ ቀዱልን፤ ስንጨርስ ሒሳቡን በሙሉ ተቀበሉን። ደስ አለኝ፤ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ቆጠሩን ማለት ነው።

ውድ አንባብያን፣ የራሳችሁ ገጽ ካላችሁ ዛሬ ማታ ስምንቱን አድራሻ ጽፋችሁ ሞክሩ።